በሜትር የተለኩ ፎቶዎች

የልብስ ሰፊዋ ሜትር መጥፋት የጀመረው ልጇ በታመመች በሁለተኛው ወር ነው። ሜትር የጠፋባት ልብስ ሰፊ እጅ እንደሌላት ቁጠሯት። የስፌት መኪናውን አነሳች፣ የጨርቁን ክምር በተነች፣ የደንበኛ ቀሚስ ኪስ ሳይቀር ፈተሸች፤ የለም።

"አንተ፣ ሜትሬን አይተሃል?" አለችው ባሏን።

"የትኛውን ሜትር?"

"ስንት ሜትር አለኝ? ቢጫውን ነዋ!"

"እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ሰዓት በሜትር አይለካ፤ ምን ላደርገው እወስደዋለሁ?"

በማግስቱ ሜትሩ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተጠቅልሎ ተገኘ። በሳምንቱ እሁድ ደግሞ ጠፋ፤ ሰኞ ተገኘ። ሴትየዋ እልኸኛ ናት፣ ነገር ከያዘች አትለቅም። ከዚያ ወዲያ ሜትሩን ከአንገቴ አላወርድም አለች። ስታበስልም ስትተኛም አንገቷ ላይ ነው። ልጅቷ ከአልጋዋ ሆና፣ "እማ፣ ሐብልሽ አምሮብሻል፤ ጉትቻውስ የት አለ?" እያለች ትስቅባት ነበር። ያም ሆኖ እሁድ ገላዋን ልትታጠብ አውልቃ የሰቀለችው፣ ዞር ስትል የለም።

ሜትሩን ማን ለምን እንደሚወስደው ያወቀችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ የምትቆጣው ሰው አልነበረም።

ባሏ አንድ ሱስ ነበረበት። አይጠጣ፣ አያጨስ፤ ሱሱ አሮጌ ሌንስ ነው። የዛሬ ካሜራ ራሱ አይቶ ራሱ አጥርቶ ያነሳል። የሱና የጓደኞቹ ሌንስ ግን ከአባቶቻቸው ዕድሜ የተረፈ፣ ብረትና መስታወት ብቻ የሆነ፣ ቀለበቱን በጣት እያዞሩ ምስሉ እስኪጠራ የሚፈልጉበት ነው። ቀለበቱን ትንሽ ካሳለፉት ፊቱ ደብዝዞ ከኋላ ያለው ግድግዳ ይጠራል፤ ትንሽ ካጎደሉት የአፍንጫ ጫፍ ይጠራና ዓይን ይጠፋል። ለዚህ ነገር ሰው ዕድሜውን ይሰጣል ወይ? ይሰጣል። አምስት ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በሰፈሩ ፎቶ ቤት ጓዳ ይሰበሰባሉ፤ የሰፈሩ ሰው "ጭጋጎቹ" ይላቸዋል።

ሥርዓት ነበራቸው። እያንዳንዱ አንድ ፎቶ አጥቦ ያመጣል፤ ስም ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ሌሎቹ በየትኛው ሌንስ እንደተነሳ ይገምታሉ። "ይሄ የሾፌሩ ነው፤ ጥጉ እንደ ሽክርክሪት ውሃ ይዞራል።" "ይሄ የጥርስ ሐኪሟ ነው፤ ብርሃኑ እንደ ወተት ፈሷል።" ተገምቶ ተገምቶ ሲያልቅ ይገለበጣል፤ ጀርባው ላይ ሌንሱና ቀኑ ተጽፏል። ያወቀ ሻይ ይጋበዛል።

አንድ ሕግም ነበራቸው፦ በዓይን እንጂ በቁጥር አይነሳም። ሌንሱ ወገብ ላይ አንድ ሜትር፣ ሁለት ሜትር፣ አምስት ሜትር እያለ የተቀረጸ ቁጥር አለ። ዓይኑን ትቶ ርቀቱን ገምቶ በቁጥሩ የሚያነሳ ሰው መሳቂያ ነው። "ያነሳኸው ሰው ነው ወይስ ሚዛን ላይ የተቀመጠ ሽንኩርት?" ይሉታል። እንዲህ ካሉት ደግሞ ዓመት ሙሉ ሽንኩርት ሆኖ ይቀራል።

ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ደሟ ነው የከዳት ተባለ። ሆስፒታል ተኝታ ወጣች፣ ተኝታ ወጣች፤ ከዚያ ቤት ትቆይ ተባለ። አባቷን እንዲህ አለችው፦

"አባ፣ በየሳምንቱ አንሳኝ። ስድን ደርድረን እንስቅበታለን።"

አሥራ አንድ እሁድ አነሳት። እናትየው ገበያ ወይም ጓዳ ናት፤ አባትና ልጅ በር ዘግተው ሲሳሳቁ ትሰማለች። በአሥራ ሁለተኛው እሁድ የሚነሳ ሰው አልነበረም።

አንድ ወር አልፎ ሰውዬው ከፎቶ ቤቱ ጨለማ ክፍል ራሱ ያጠባቸውን አሥራ አንድ ፎቶዎች በፖስታ ይዞ መጣ። ፊቱ በራ ብሎ ነበር። ከሞቷ ወዲህ እንዲያ ሆኖ አላየችውም።

"እነኋት" አላት።

እናትየው ፖስታውን ቀደደችው። የመጀመሪያውን አየች፣ ሁለተኛውን አየች፣ ሦስተኛውን። መስኮቱ ይታያል። እሷ ራሷ የሰፋችው መጋረጃ፣ አበባው እስከ ክሩ ይታያል። ከፊት ለፊቱ ደግሞ ትራስ የተደገፈ ጭስ አለ። ዓይን የለው፣ አፍ የለው፣ ጭስ።

"የታለች?" አለች።

ሰውዬው አንዱን ፎቶ ከእጇ ተቀብሎ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ራቅ አደረገው። መልሶ አስጠጋው።

"አሥራ አንድ ጊዜ ፊቷ ተቀምጠህ!" አለችው። "አሥራ አንድ ጊዜ! አንድ ቀን እንኳ አላየሃትም! መጋረጃ ስታይ ነው የከረምከው!"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጭጋጎቹ ጋ መሄድ ተወ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ ይነቅዛል። የዚያ ቤት ዝምታ ከውስጥ ተበልቶ ዱቄት ሆኖ ነበር። አንድ ትሪ ላይ እየበሉ፣ አንድ አልጋ ላይ እየተኙ፣ ቃል ሳይለዋወጡ ዓመት ከሁለት ወር ኖሩ። አንድ ጠዋት ሰውዬው ሱቁ ውስጥ፣ ማጉያ መነጽሩ ዓይኑ ላይ እንደተሰካ፣ የተፈታ ሰዓት ላይ ደፋ ብሎ ተገኘ። ልቡ ነው ተባለ።

ከተቀበረ በአራተኛው ወር የፎቶ ቤቱ ሽማግሌ ቆቡን በእጁ ይዞ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይለዋል።

"የመጣሁት ለሌንሱ ነው" አላት። "ከመሃላችን አንድ ሰው ሲለየን ሌንሱ በየቤታችን አንድ አንድ ሳምንት ይከርማል። እያንዳንዳችን አንድ ፎቶ እናነሳበታለን። ከዚያ ሌንሱን ከነፎቶዎቹ ለቤተሰቡ እንመልሳለን። እስካሁን ለሁለት ሰው አድርገናል።"

"ያንን ሌንስ?" አለች፣ እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ሳታነሳ። "ያ ሌንስ የልጄን ዓይን የበላ ሌንስ ነው። ጋሼ፣ አክብሬዎታለሁና በሩ እንደመጡበት ነው።"

ሽማግሌው ሄደ። እሷ ግን ሥራዋን መሥራት አቃታት። አንድ እጅጌ ሦስት ጊዜ ገልብጣ ሰፋች። ለነዚህ ሰዎች ነው ባሌ ቅዳሜዬን የነጠቀኝ፤ ለነሱ ጨዋታ ነው ልጄን ጭስ ያደረጋት፤ ያዩዋታ! እንዲህ እያለች አርብን አነጋች። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ካሜራውን ከነሌንሱ፣ ፖስታውንም ጨምራ በዘንቢል ይዛ ፎቶ ቤቱ ጓዳ ገባች።

አራቱም ነበሩ። ጋሼ፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩና ቡሎን የሚሉት ሬዲዮ ጠጋኝ። ቡሎን የባሏ የልብ ጓደኛ ነው፤ በአንድ ምጣድ የተቆሉ ይባሉ ነበር። ሰላም አላለችም። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

"ገምቱ" አለች።

ሾፌሩ ነገሩ አልገባውም። ሰውዬው ጎበዝ ነው፣ ግን አፉ ፍሬን የለውም። "ይሄማ ቀላል ነው፤ መጋረጃ ሻጭ ያነሳው ነው" ብሎ ሳቀ። የጥርስ ሐኪሟ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። አንገቱን አጠፍ አድርጎ ደግሞ ሲያይ ትራሱን አየ፣ የመድኃኒቱን ጠርሙስ አየ። ሳቁን ዋጠው።

"ይቅር በይኝ እትዬ" አለ። "የሷ መሆኑን..."

"መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ" አለች። "እኔ የመጣሁት ልጄን እንድታሳዩኝ ነው። አዋቂ ነን ትላላችሁ አይደል? የታለች? አንድ ጥርት ያለ ፎቶ ነው የምፈልገው። አንድ! የትምህርት ቤት መታወቂያዋም የአሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሕፃን ናት። ትልቅ ሆና ምን ትመስል እንደነበር እየጠፋብኝ ነው።"

ይህን የመጨረሻውን ልትናገር አልመጣችም ነበር፤ አመለጣት።

ሾፌሩ የሚያደርገው ሲጠፋው እጁ የለመደውን አደረገ፤ አንዱን ፎቶ ገለበጠ። ጀርባው ላይ በእርሳስ ተጽፏል። ልብስ ሰፊዋ ጀርባቸውን አይታ አታውቅም። ፊት የሌለው ፎቶ ጀርባው ምን ይሠራል ብላ ፖስታ ውስጥ ወርውራቸው ነበር።

"'ከትራሱ እስከ ወንበሬ አንድ ሜትር ከዘጠና'" ብሎ ሾፌሩ አነበበ። ሌላውን ገለበጠ። "'አንድ ሜትር ከዘጠና። ዛሬ ትንሽ በልታለች።'" ሌላውን። "'ሁለት ሜትር ከአምስት፤ ወንበሩን ገፋ አድርጋለች። ሜትሩን በጊዜ መልሻለሁ፣ እናቷ አላወቀችም።'"

"ሜትር?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"በቁጥር ነው ያነሳው" አለ ጋሼ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ። "በሜትር ለክቶ፣ ቀለበቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ። እሱ? ከሁላችንም የተሻለ ዓይን የነበረው ሰውዬ?"

የጥርስ ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። "ዓይን አልነበረውም" አለች። "እኔ ነኝ ደደቧ። መጨረሻ በመጣ ጊዜ ፎቶ ሰጥቼው እንደ ሽቶ አሸተተው እንጂ አላየውም። የዓይን ሞራ ነው። እንዴት አልገባኝም?"

ልብስ ሰፊዋ ወንበር ፈለገችና ተቀመጠች። አንድ በአንድ መጣላት። ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ይከት ነበር። ጥቃቅኑን የሴት ሰዓት ሥራ በዛብኝ እያለ ለጎረቤት ሱቅ ይልክ ነበር። ፎቶዎቹን ያመጣ ቀን ያ የበራ ፊቱ! ዓለም ሁሉ ጭጋግ ለሆነበት ሰው የልጁ ፊት ጭጋግ መሆኑ በምን ይታወቀዋል? ጥርት ያሉ መስለውት ነው ያመጣላት። ደብቆ ነበር። ሰዓት ሠሪ ዓይኔ ጠፋ ካለ ማን ሰዓቱን ያምነዋል? ለጓደኞቹም ሽንኩርት መሆን አልፈለገም። ለሷም፣ በልጇ ሐዘን ላይ የባል ዓይን ሊጨምርባት አልፈለገም ይሆናል። ወይም ደግሞ ፈራት። እሷን መፍራት አዲስ ነገር አይደለም።

"ቆይ" አለ ሾፌሩ፣ "በሜትር ከለካ እኮ መጥራት ነበረበት። ቁጥሩ አንድ ከዘጠና ካለ አንድ ከዘጠና ነው። ቁጥር አይዋሽ።"

ጋሼ ካሜራውን ከነሌንሱ ከዘንቢሉ አንስቶ በመስኮቱ የመንገዱን ማዶ አየበት፤ ቀለበቱን አዞረ፣ ቁጥሩን ተመለከተ፣ ደግሞ አዞረ። ከዚያ ቀና ብሎ ቡሎንን አየው። የቡሎን ፊት አመድ መስሏል።

"እኔ ነኝ" አለ ቡሎን። "ሌንሱ ሻጋታ የገባበት ጊዜ ፈትቼ ያጠብኩለት እኔ ነኝ።"

"እና?"

"ቀለበቱ ጥርስ አለው እትዬ። ስትፈቺው ከየትኛው ጥርስ እንደተላቀቀ ምልክት ካላደረግሽ፣ ስትገጥሚው በሌላ ጥርስ ይገባል። ይዞራል፣ ይሠራል፣ ምንም አይልም፤ ቁጥሩ ብቻ ይዋሻል። ልክ እንደ..." አንገቷ ላይ ያለውን ቢጫ ሜትር አየና ቆመ።

"እንደ እጅጌ" አለች። "ምልክት ሳያደርጉ የፈቱት እጅጌ። ይገጥማል፤ ግን ይጠመዘዛል።"

"እንደሱ። እንደተጠመዘዘ አውቄያለሁ። ደግሜ መፍታት ሰነፍኩ። ማን በቁጥር ያነሳል ብዬ ተውኩት። ከኛ ውስጥ ማን በቁጥር ያነሳል!"

ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች። ሾፌሩ ቡሎንን በጥፊ የምትለው መስሎት በመሃል ገባ። እሷ ግን ፎቶዎቹን መልቀም ጀመረች፤ አንድ በአንድ፣ በፊታቸው ሳይሆን በጀርባቸው እያየች። ፊደል ላይ ብዙ አትበረታም፤ ቁጥር ግን እንጀራዋ ነው። አንድ ከዘጠና። አንድ ከዘጠና። ሁለት ከአምስት። ሁሉም ልክ ናቸው፤ ክፍሉን ታውቀዋለች። በሳንቲም አልተሳሳተም።

"ካሜራው ውስጥ ፊልም አለ" አለ ጋሼ ቀስ ብሎ። "ጀምሮት ሳይጨርሰው የቀረ ነው። ቆጣሪው ሰባት ተነስቷል ይላል።"

እጇ ቆመ።

"የሷ ሊሆን ይችላል?"

"አላውቅም የኔ እመቤት። ባላውቀው ልዋሽሽ አልችልም።"

"እጠቡት" አለች። "ቅዳሜ እመጣለሁ።"

ያ ሳምንት ሳምንት አይባል። ተስፋ ክፉ ነገር ነው፤ ሞትን ያህል ነገር የቻለ ሰው ሰባት ቀን አቅቶት ያድራል። ስትሰፋ ልጇ ትመጣባታለች፤ ከሰባቱ በአንዱ ልጅቷ ወንበሩን ትንሽ ገፋ ብታደርግ፣ ወደ መስኮቱ ሄዳ ብትቆም፣ መጋረጃው በጠራበት ቦታ እሷ ብትጠራ! ሊሆን ይችላላ። ቀለበቱ ቢዋሽም ልጅቷ ውሸቱ ያለበት ቦታ ድረስ ሄዳለት እንደሆነስ? ሐሙስ ዕለት ስፌቱን ትታ ክፈፍ ገዛች፤ የእንጨት፣ የአንድ ፎቶ።

ቅዳሜ ስትገባ አራቱም ቆመው ጠበቋት። ሰው ቆሞ ሲጠብቅሽ ነገሩ ደግ እንዳልሆነ ማወቅ ነው። ሰባቱ ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ በፊታቸው ተደርድረዋል።

ልጅቷ የለችም። አልጋው ነው ያለው። ባዶ አልጋ፣ ትራስ፣ ከወንበሩ እስከ ትራሱ የተዘረጋ ቢጫ ሜትር። ትራሱ ላይ በትልቁ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተቀምጧል። በመጀመሪያው ሁለት ከአሥር ይላል፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አንድ ከዘጠና፤ እንዲህ እያነሰ ይሄዳል።

"ከሞተች በኋላ ነው" አለች የጥርስ ሐኪሟ። "ሌንሱን ሲፈትነው ነው። እሱ ከተቀመጠበት ሳይንቀሳቀስ ቀለበቱን ብቻ እየለዋወጠ፣ የቱ ላይ እንደሚጠራ ሊያውቅ። ራሱ ማየት ስለማይችል ለሚያይ ሰው ብሎ ቁጥሩን ጽፎ።"

"ለማን ሊያሳይ?"

ፊልሙን ያላመጣላቸው ለምን እንደሆነ ሁሉም የገባቸው መሰለኝ፤ ቢያመጣው ጥፋቱ የቡሎን መሆኑ በዚያው ቀን ይታወቅ ነበር። ወይ የጓደኛውን ጥፋት ደብቆ ይሞታል፣ ወይ ለሚስቱ ነግሮ ይድናል። ነገሩን ሆዱ ውስጥ ቀበረው።

ስድስቱ ፎቶዎች ጭጋግ ናቸው። ሰባተኛው ላይ፣ አንድ ከሃምሳ የሚለው ላይ፣ ትራሱ ጠርቶ ተነስቷል። አንድ ከዘጠና ለመጥራት አንድ ከሃምሳ ማለት ነበረበት። አርባ ሳንቲሜትር። አርባ ሳንቲሜትር የሕፃን ቀሚስ ነው።

ፎቶውን አንስታ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። የትራስ ልብሱ ጥልፍ እሷ የሠራችው ነው፤ ክር አልቆባት ሌላ የቀጠለችበት ቦታ እንኳ ይታያል። ከጥልፉ አጠገብ፣ ትራሱ ትንሽ ጎድጎድ ባለበት፣ አንዲት ፀጉር አለች። ረጅም፣ ጥቁር፣ ጫፏ የተጠቀለለ። ከሥሯ እስከ ጫፏ ጥርት ብላ ትታያለች።

ያንን የትራስ ልብስ አጥባዋለች። በእልህ አጥባዋለች፤ ከሱ ጋር ከተጣላች በሳምንቱ አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሁሉንም ገፍፋ አጥባ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች።

ቡሎን ከኋላዋ መጥቶ፣ "ሌንሱን ስጪኝና ላስተካክለው" አለ። ድምፁ የሰው አይመስልም። "ሌላ የማደርገው የለኝም።"

"አትንካው" አለች ሳትዞር። "ቅር ብሎኛል፤ ይቀርልኛል ብዬ አልዋሽህም። ይቅር ያለህ እሱ ነው፤ እኔ እሱን አይደለሁም።"

ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ ሌንሱን ጋሼ ፊት አስቀመጠችው። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቷ አውጥታ አጠገቡ ጠቀለለችው።

"ሥርዓታችሁን አድርጉ። በየቤታችሁ ይክረም። ግን በዓይን አታንሱበት፤ እሱ እንዳነሳ አንሱበት። ለክታችሁ፣ አርባ ቀንሳችሁ። ከቡሎን ጀምሩ።"

"በቁጥር?" አለ ሾፌሩ፤ ከአፉ አምልጦት ነው።

"በቁጥር። ሽንኩርት ሁኑ።"

ማንም አልሳቀም። ቡሎን ሜትሩን አንስቶ አንገቱ ላይ አጠለቀው።

ፎቶዋን በክፈፉ ይዛ ቤቷ ገባች። ከስፌት መኪናው በላይ ሰቀለችው። ለሚያየው ሰው ትራስ ነው፤ ደንበኞቿ የአልጋ ልብስም ትሰፊያለሽ እንዴ ብለው ይጠይቋት ጀመር። ከጥያቄው ለመገላገል አዎ ማለት ትችል ነበር፤ አትልም። "የልጄ ፎቶ ነው" ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምር።

ፎቶውን በሰቀለች በማግስቱ፣ እሁድ ጠዋት፣ ለሰኞ የሚደርስ ቀሚስ ልትቆርጥ ጨርቁን ዘረጋች። እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። ሜትሩ የለም። ሐሳቧ ጨርቁ ላይ ነበርና ለማን እንደሰጠችው ጠፋት፤ መኪናውን አነሳች፣ ክምሩን ገለጠች፣ የመስኮቱን ደፍ አየች።

"አንተ" አለች ወደ ጓዳው፣ "ሜትሬን አይተሃል?"